የርግቡ ጠመንጃ

አበባው የሞተው በዘር መጋዘኑ ውስጥ፣ ጋቢውን እንደደረበ ነው።

በግንባሩ ተደፍቷል። ከቀኝ ጆሮው በታች፣ አንገቱ ላይ፣ ከሽንብራ የማትበልጥ ቀዳዳ አለች። ደሙ የስንዴውን ጆንያ አርሶታል። ጋቢው ላይ ግን አንድም ቀዳዳ አልነበረም።

ያገኘችው የመጋዘኑ ጽዳት ሠራተኛ ሙሉዬ ናት። መጥረጊያዋን ይዛ ገባች፤ እየጮኸች ወጣች። ደጅ ተቀምጠው ዘር የሚለቅሙት ሴቶች ወደ ውስጥ ሲሮጡ፣ የማኅበሩ የእርሻ ባለሙያ ባምላኩ በሞተር ሳይክሉ ከመንገዱ ገባ። ሬሳውን ባየ ጊዜ ደረቱን ደቃ። እንደሱ ያለቀሰ አልነበረም። ቢያለቅስም አይፈረድበትም፤ አበልጁ ነው። የአበባውን ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው።

አበባው ከሉማሜ ወጣ ብሎ ያለው የዘር አባዢ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። ተጫዋች ሰው ነው። ሰው ላይ ሲቀልድ ሀገር ይስቃል፤ የተቀለደበትም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ?

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገዳዩ ተያዘ። ቢያንስ የሉማሜ ሰው እንደዚያ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

የተያዘው ሽማግሌው ዘበኛ ገዳሙ ነው። ሴቶቹ የጠመንጃ ጩኸት ሰምተዋል፤ በመስኮት ጭስ ሲወጣም አይተዋል። ጠመንጃ ያለው ገዳሙ ብቻ ነው፤ አፈሙዙም ባሩድ ባሩድ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አበባው «ዘበኛችን ለርግቦቹ አልጋ ያነጥፍላቸዋል» ብሎ በሰው ፊት ተሳልቆበታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የሟቹ ወንድም፣ ድረስ የሚባለው፣ ከደምበጫ መጣ። ቀበረ እንጂ ለቅሶ አልተቀመጠም። እዝን ይዘው የመጡትን ጎረቤቶች ከበር መለሳቸው።

«የወንድሜ ደም ሳይመለስ ማንም እግዜር ያጥናህ እንዳይለኝ» አለ።

ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይተረጎምለትም። ገዳሙ አንድ ልጅ አለው፤ እንዳላማው ይባላል። እንዳላማው ያንኑ ቀን እርሻውን ጥሎ ጠፋ። አባቱን ሕግ ቢይዘው፣ እሱን የሚይዘው ድረስ ነው።

ጉዳዩን ለመመርመር ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር የኔዓለም መጣች። ንግግር አታበዛም። በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ የምትታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲዋሽ አታቋርጠውም።

«አያ ገዳሙ፣ ጠመንጃዎ ተተኩሶበታል።»

«አዎ፣ ልጄ።»

«የት?»

«በዋዜማው፣ የአክስቴ ልጅ ቀብር ላይ። ወንድ ልጅ ሞቶ ዝም ተብሎ ይቀበራል?»

አጣራች። እውነት ነው፤ ቀባሪው ሁሉ ሰምቷል። ወዲያውም ሐኪሙ ከአበባው አንገት ያወጣት የእርሳስ ጥይት ከሆስፒታል መጣች። ወገቧ ቀጭን፣ ከኋላ ክፍት የሆነች ትንሽ ነገር ናት። የገዳሙ ጠመንጃ እንዲህ ያለ ጥይት አይጎርስም። ይህን የሚጎርሰው ማኅበሩ ርግብ ሊያባርርበት የገዛው የአየር ጠመንጃ ነው። እሱም ሬሳው አጠገብ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ተገኝቶ ነበር፤ እንደ መሣሪያ የቆጠረው ስላልነበረ ማንም ልብ አላለውም።

ለገዳሙ ግን እፎይታ አልሆነለትም። የአየር ጠመንጃውም ጠባቂ እሱ ነው። ጎጆው ውስጥ ከራሱ ጠመንጃ ጎን ይሰቅለዋል።

«ያን ቀን ለማን ሰጡት?»

«ለአበባው። እኩለ ቀን ላይ ርግብ ልምታ ብሎ ወሰደው።»

«ያየ ሰው አለ?»

«እግዚአብሔር።»

«ጩኸቱን ሲሰሙ ለምን አልገቡም?»

ገዳሙ መሬት መሬት አየ። «እንዲያው» አለ። የኔዓለም አላቋረጠችውም፤ የሚቀጥል ነገር ግን አልነበረም።

ጠመንጃውን መርጦ የገዛው ባምላኩ ነው። ጠራችው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ስለ ጠመንጃው ሲጠየቅ ግን ቀና አለ።

«መጋዘኑን ርግብ ወርሮት ነበር። መርዝ እንዳንረጭ ዘሩ ይበላሻል። ክላሽ እንዳንተኩስ ጣራው ወንፊት ይሆናል። አዲስ አበባ ወርጄ የአየር ጠመንጃ ስጠይቅ ብዙ ዓይነት አሳዩኝ። ሰው ሁሉ ኃይለኛውን ግዛ ብሎኝ ነበር። ኃይለኛው ሞላው ጠጣር ነው፤ ሲተኮስ ይዘላል፣ ዒላማ ያስታል። ደካማው ደግሞ ርግቧን አቁስሎ ይለቃታል። መካከለኛውን መረጥሁ። አፈሙዙን አንዴ ወደ ታች ሰብሮ ማቀባበል ነው፤ ሞላው ይጨመቃል፣ ሲለቁት ፒስተኑ አየሩን ይገፋል። ጋዝ የለው፣ ባሩድ የለው። ርግብ ይጥላል፤ ቆርቆሮ አይበሳም።»

«ሰውስ?»

«አፈሙዙን ቆዳው ላይ ካላስደገፉት አይገድልም። ገዳሙ አጠገቡ ቆሞ ነበር ማለት ነው።»

«ድምፁ እንዴት ነው?»

ባምላኩ ትንሽ ዘገየ። «ቱፍ ይላል» አለ።

ነገሩ አልገጠመላትም። ሐኪሙ አፈሙዙ ቆዳ አልነካም፤ ራቅ ተብሎ ነው የተተኮሰው ብሏል። ሴቶቹም የሰሙት ቱፍ አይደለም። ከመካከላቸው አንዷ የተናገረችውን የኔዓለም ደጋግማ አሰበችው።

«ሁለት ጊዜ ጮኸ። መጀመሪያ ሲጮህ አበባው ሳቀ። ሁለተኛ ሲጮህ አልሳቀም።»

ወደ ገዳሙ ጎጆ ሄደች። ግድግዳው ላይ ጠመንጃ የሚሰቀልባቸው ሁለት ችካሎች አሉ። በአንደኛው ሥር የጭቃው ልስን በዘይት ወዝቷል። የሽማግሌው ጠመንጃ መስቀያ ነው፤ ይገባል። በሁለተኛውም ሥር ወዝቷል። መደቡ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘይትና ጨርቅ አለ።

ጣቢያ ተመልሳ ዘይቱን ገዳሙ ፊት አስቀመጠችው።

«የአየር ጠመንጃውንም ይቀቡት ነበር?»

«ባምላኩ እንዳትቀባ ብሎኝ ነበር።»

«የጠየቅሁዎት ይህን አይደለም።»

ገዳሙ ከንፈሩን መጠጠ። «ልጄ፣ መሣሪያ ደረቁን ተሰቅሎ ያድራል? ዛገ ማለት ባለቤቱ ሰው አይደለም ማለት ነው። እኔ እጅ ገብቶ ሊዝግ? በአፈሙዙ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። የራሴን በቀባሁ ቁጥር እሱንም አጠጣዋለሁ። ያን ቀን እንዲያ ሲጮህ ዘይቱን እንዳጠጣሁት ታወቀብኝ ብዬ ፈራሁ። ለዚያ ነው ያልገባሁት።»

ከጣቢያው ጀርባ ቆርቆሮ አቆሙና ሞከሩት። አፈሙዙ በደንብ ተጠርጎ ሲተኮስ ቱፍ አለ፤ ቆርቆሮው ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም። ከዚያ ከገዳሙ ዘይት ጠብ አደረጉበት። ጮኸ፤ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ቆርቆሮው ተበሳ። ሞላው የጨመቀው አየር ይግላል፤ ዘይቱን ያቀጣጥለዋል። ባሩድ የሌለው ጠመንጃ ባሩድ አገኘ።

የጣቢያው አዛዥ ደስ አለው። «በቃ! አሰናድቶ ገደለው» አለ። የኔዓለምን ግን መረራት። ለሽማግሌው ብላ የቆፈረችው እውነት ገመዱን አጠበቀበት።

በማግስቱ ሙሉዬን እንደገና ጠየቀቻት። ሙሉዬ የምታውቀውን ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። ወንበሯን ገፍታ ስትነሣ ብቻ እንዲህ አለች፦

«የአበባው እጅ ላይ ፀሐይ ነበረች።»

«ምን ዓይነት ፀሐይ?»

«ሳንቲም የምታህል። መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው፤ ቀለበት መስላኝ። ጨለማ ነው እኮ ውስጡ።»

የኔዓለም ሙሉዬ በገባችበት ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ቆመች። የጥር ፀሐይ ደጁን ይለበልበዋል። ውስጡ ጨለማ ነው። ሳንቲም የምታህል ፀሐይ የለችም።

መሰላል አስመጣች። ጣራው ላይ ከቆርቆሮው ጋር የተጣበቀች ጥቁር ጎማ አገኘች፤ የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ ሲተነፍስ የምትለጠፍበት ዓይነት። ስትልጣት አዲስ ቀዳዳ ወጣ፤ ጠርዙ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ከውስጥ የተተኮሰ ነው።

ጎማዋን የለጠፈውን ለማግኘት አልደከመችም። ሴቶቹ ሁሉ አይተውታል፤ በቀብሩ ማግስት ባምላኩ መሰላል አቁሞ «ርግቦቹ የሚገቡበትን ልድፈን» ብሎ ወጥቶ ነበር። ማን ልብ ይላል? ፖሊስ በሩን አሽጓል፤ ጣራ ማን ያሽጋል። ከማኅበሩ ሰዎች መካከል ሞተር ያለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

አስጠራችው። ጎማዋን መዳፉ ላይ አደረገችለት።

«ይህ ጠመንጃ ቆርቆሮ አይበሳም አሉኝ።»

«አይበሳም።»

«በስቷል። እርስዎም ያውቃሉ፤ ቀዳዳውን የደፈኑት እርስዎ ነዎት።»

የኔዓለም ቀጠለች።

«የመጀመሪያው ጥይት ርግቧን ስቶ ጣራውን በሳ። ጠመንጃው ጮኸ፤ ጨሰ። አበባው ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ሳቀ። አንተ ግን መርጠህ የገዛኸው ነህና ገባህ።» አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። «ቀዳዳው ከተገኘ፣ ሁለተኛውን ስትተኩስ ጠመንጃው እንደሚገድል ማወቅህ ይታወቃል። ለዚያ ነው የደፈንኸው።»

ባምላኩ ጎማዋን አጣጠፋት፤ ዘረጋት።

«ስሜን ታውቂዋለሽ?» አለ።

«ባምላኩ።»

«ሉማሜ ላይ ቱፍ ነው። ጠመንጃውን ያመጣሁ ቀን አበባው በስብሰባ ላይ ‹ባምላኩ የመረጠው ጠመንጃ ርግቧን ሳል ያስይዛታል› አለ። ሀገር ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በሞተር ሳልፍ ሕፃናቱ ቱፍ ይሉኛል። ሻይ ቤት ስገባ ቱፍ። ሚስቴ እንኳ ሳቀች። ሁሉን አመዛዝኜ፣ ለጣራቸው አስቤ የመረጥሁት ነው እኮ።»

«ያን ቀንስ?»

«ሞተሩን ከመጋዘኑ ጀርባ አቁሜ በኋላ በር ገባሁ። እሱ ርግቦቹ አልቆም ብለውት ሳይተኩስ ሰልችቶት ጠመንጃውን ሰጠኝ። ተኮስሁ፤ ጮኸ። የተቃጠለ ዘይት ሲሸተኝ ገዳሙ እንደቀባው ገባኝ። አበባው ‹ዛሬስ አስነጠሰው!› ብሎ ሳቀ። ጀርባውን ሰጠኝ፤ ጋቢውን ደረበ። ‹በል ቱፍ፣ ይችን ጋቢ ብሳ፤ ከበሳህ ሌላ አለብስሃለሁ› አለኝ።»

«ጋቢው ግን አልተበሳም።»

«ጋቢውን ባይበሳውስ?» አለ ባምላኩ። «ድርብ ነው። ባይበሳው ደግሞ ሊስቅ ነው። አፈሙዙን ትንሽ ከፍ አደረግሁት።»



«እንዲሞት ነው?»

«እንዲያቆም ነው። ሳቁን።»

«ገዳሙስ? በአንተ ፈንታ ሲታሰር ዝም አልህ።»

«ሽማግሌ ነው አልሁ። ብዙ አይቀረውም።»

«ልጁስ? እንዳላማውም ብዙ አይቀረውም?»

የኔዓለም ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ የተጸየፈችው ግን የለም። መተኮሱን የንዴት ነው ቢሉ ይባላል። ዝምታው የንዴት አልነበረም። ያን ሁሉ ቀን እያለቀሰ ነበር፤ እያለቀሰም የሽማግሌውን መቃብር ይቆፍር ነበር።

ድረስ እውነቱን ሲሰማ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ለቅሶ ጀመረ። ገዳሙ ከእስር ወጥቶ ሊያስተዛዝን ሲሄድ፣ ድረስ ከመደቡ ተነሥቶ ጉልበቱን ሳመው። «ይቅር በሉኝ፣ አባቴ፤ ንጹሕ ሰው ጠረጠርሁ» አለው። እንዳላማውም ወደ እርሻው ተመለሰ። ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ገዳሙ ግን «ንጹሕ» የተባለባትን ቃል ይዞ መንገዱን ሁሉ አብሰለሰላት።

የራሱን ጠመንጃ ሊረከብ ጣቢያ መጣ። የኔዓለም አስረከበችው። አልሄደም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ዘይቱን ባላጠጣው ኖሮ አበባው ይሞት ነበር?»

ሐኪሙ መልሱን ነግሯታል። ደረቁን ቢሆን እርሳሷ ከቆዳው ሥር ትቀር ነበር፤ አበባው ሳምንት አንገቱን እያሸ ይሰነብት ነበር፤ በዚያም ይቀልድ ነበር።

«ይሞት ነበር፣ አያ ገዳሙ» አለችው። «አንገት ነው። በምንም ይሞት ነበር። የእርስዎ እጅ የለበትም።»

ሰው ሲዋሽ የማታቋርጥ ሴት ዋሸች። እሱም አላቋረጣትም። ጨርሳ ዝም እስክትል ጠበቀና «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወጣ።

ገዳሙ ዛሬም ዘበኛ ነው። ርግቦቹ ተመልሰው መጋዘኑን ሞልተውታል፤ ማንም አያባርራቸውም። የገዳሙ ጠመንጃ ችካሉ ላይ ተሰቅሏል። በክረምቱ አፈሙዙ ቀላ፤ ከዚያ ሰደፉ ጋ ያለው ብረት ተላላጠ። እንዳላማው ዘይት ገዝቶ ቢያመጣለት ለልብስ ሰፊው ሰጠው። በደጁ የሚያልፉ እኩዮቹ ያዩትና «ገዳሙ አረጀ፣ መሣሪያው እንኳ ዛገበት» ይላሉ። እሱም የሚሉትን ይሰማል። አይመልስላቸውም።