ልዩ የሌለችበት ፎቶ

አሮን ላፕቶፑ ላይ ልዩን ከቸርቻቸው ኳየር ፎቶ አጥፍቶ ሲጨርስ እጇ ቀረ። ባለቤት የሌለው እጅ የእሱን ትከሻ ይዞ ቁጭ ብሏል። እንደገና ቢሞክር ጭራሽ ትከሻው ጎበጠ።

ፎቶው ለመጀመሪያው ሲዲያቸው ሽፋን ነው። የኳየሩ መሪ ጋሼ እንዳሻው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብለው፣ «አሮንዬ፣ አንተ የኮምፒውተሩ ሰው አይደለህ? ልዩን አውጣልኝ። ቤተሰቦቿ ቤት ቀይረው ሩቅ፣ ጋርዴና ገብተዋል፤ እዚያ ሌላ ቸርች ይዛለች» አሉት። ኦኬ አለ። አሁን ግን ነገሩ ይከነክነው ጀመር። ሰው ቤት ስለቀየረ ከፎቶ ይፋቃል እንዴ? የኳየሩ ወንድይራድም ርቆ ፓሳዴና ከገባ ቆየ፤ ፎቶው ላይ ግን ከኋላ ረድፍ ሆኖ ጥርሱን እንዳሳየ ነው፤ ማንም አውጣው አላለም።

ለጋሼ ልጅ ለአቢጌል ቴክስት አደረገላት። «ልዩ ምን ሆና ነው?»

«አልሰማህም? እናቷ አሟቸዋል። ሶ ኳየር አቆመች።»

አባት ሌላ፣ ልጅ ሌላ።

በማግስቱ እናቱ በርበሬ ግዛ ብላ ስትልከው፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የሀበሻ ሱቅ ልዩን ወረፋ ላይ አገኛት።

«አንተ! ጠፋህ እኮ። ልምምድ መቼ ነው የሚጀመረው?»

«የምን መጀመር?»

«ጋሼ ሲዲው እስኪወጣ እረፍት ነው ብለውኝ የለ?»

 ባለፈው ሐሙስ እንኳ እነ አሮን ሲለማመዱ ነው ያመሹት።

«ጋርዴና ገባችሁ አሉ?»

«ማን? እኛ? እዚሁ ነን ባክህ!»

«እናትሽስ ደህና ናቸው?»

ከውጭ የመኪና ክላክስ አምባረቀ። ልዩ ሳቀች። «ሰማሃት? እሷ ናት፤ ፓርኪንግ አጥታ ነው።»

ያኔ ትዝ አለው። ባለፈው ወር ልዩ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ጋሼ፣ ለብቻ የሚዘመረው ሶሎ ሁልጊዜ የአቢጌል የሚሆነው ለምንድነው?» ብላ ነበር። ጋሼ ስቀው አለፉት። የሳቁ ነገር ገና አሁን ገባው፤ ቂም ይዘው ነበር።

«ሽፋኑስ? አምሮብኛል?» አለችው።

«አምሮብሻል» አላት። «ልምምድ አልቆመም፣ ልዩ። ሐሙስ ነው። አብረን እንሄዳለን።»

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ሐሙስ መጥተህ ውሰደኝ» አለችው።

ቤት ሲደርስ ላፕቶፑን ከፈተና ያልተነካውን ፎቶ ለጋሼ ላከ። ከሥሩ፣ «ልዩን አገኘኋት። ሐሙስ አብራኝ ትመጣለች» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የሚፋቀው እሱ ሊሆን እንደሚችል አልጠፋውም።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ፤ ጋሼ ነበሩ። አሮን አነሳና፣ «ልዩን አላወጣትም፣ ጋሼ» አለ።