ጉትቻ ያደረገችው አሳማ

«አታስቂኝ አልኩሽ እኮ!» የአባቷ ድምፅ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ በድምፅ ማጉያው መጣ።

«እውነቱን ነው፣ አታስቂው!» የማሽኑ ባለሙያ አፈጠጠባት። «በሳቀ ቁጥር ልቡ ስክሪኑ ላይ የተረገጠ ቲማቲም ይመስላል። አሁንም ምስሉን እንደገና ልናነሳ ነው።»

ኖርካ ጣቷን ከማይክሮፎኑ ቁልፍ ላይ አነሳች። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ከክሊሳ ከተማ ወደ ኮቻባምባ ሚኒባስ የሚነዳው አባቷ ዶን ሳቱርኒኖ፣ በሬ ቢመጣበት መንገድ የማይለቀው ሰውዬ፣ ጠባቡን የኤምአርአይ ዋሻ ሲያይ «ልጄ ካላወራችልኝ አልገባም» ብሎ ድርቅ አለ። ጉንጩ ውስጥ ወትፎ የሚያኝከውን የኮካ ቅጠል እንኳ ያስተፉት በልመና ነው። እናም የአሥራ አራት ዓመቷ ኖርካ ከመስታወቱ ወዲህ፣ በባለሙያውና በዶክተር ቪያሮኤል መሃል ተጣብቃ ተቀመጠች። ክፍሉ ወደ ውጭ የሚያሳይ መስኮት የለውም። በሩ ሲዘጋ ጆሮዋ ድፍን ብሎ ነበር።

«አየር ያስገቡ… ይያዙ…» አለ ባለሙያው በማይክሮፎኑ።

ማሽኑ እንደ ወፍጮ መንጓጓት ጀመረ። ዶክተሯ በእስክሪብቶ ጫፍ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች።

«ጥቁሩ ጤነኛ ጡንቻ ነው። ይሄ ነጩ ግን ጠባሳ ነው።»

«ቪንቹካ ትኋኗ ናት?»

«እሷው። ልጅ ሳለ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ተደብቃ ነክሳዋለች። የምታስተላልፈው በሽታ፣ ቻጋስ፣ እንዲህ ነው፤ ስንት ዓመት አድፍጦ ልብ ያቆስላል። ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ጠባሳው ጋ ሲደርስ መንገድ ከሳተ ልብ ይርገፈገፋል፤ ሰውዬው ይወድቃል። አንዳንዱ አይነሳም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹ራስዎን ስተው ያውቃሉ?› ብዬ ብጠይቀው ‹በጭራሽ› አለኝ። ወድቆ የማያውቅ ከሆነ በመድኃኒት እንከታተለዋለን። ወድቆ ከሆነ ግን ደረቱ ውስጥ ልቡን የሚጠብቅ መሣሪያ ሳያስፈልገው አይቀርም። መሪም አይጨብጥም። አንቺ ያየሽው ነገር አለ?»

ኖርካ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነጭ ጠባሳ አየች።

ቅዳሜ ዕለት ጋቢና ከአባቷ አጠገብ ነበረች። የአባቷ ጭንቅላት ድንገት መሪው ላይ ተደፋ፤ ሚኒባሱ ወደ ቦዩ አመራ። የእጅ ፍሬኑን የጎተተችው እሷ ናት። ከአንዲት ሴትዮ የእንቁላል ቅርጫት በቀር የተጎዳ የለም። አባቷ ወዲያው ነቃና ላቡን ጠርጎ «አሳማ! አሳማ ገባችብኝ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አሳማ ፈለገ። ማታ ቺቻ የተባለው የበቆሎ ጠላ በሚሸጥበት ቤት ወሬው ሲደጋገም አሳማዋ ጥጃ አከለች። እሁድ ጉትቻ አደረገች። ጉትቻውን የጨመረችው ደግሞ ራሷ ኖርካ ነበረች፤ ክሊሳ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ግን አባቷ ሳይቀልድ፣ «ሚኒባሷ ከሌለች እኛም የለንም» ብሏት ነበር።

አዎ ብትል ሚኒባሷ ሄደች። የለም ብትል ነገ ጠዋት አባቷ መሪ ይጨብጣል፣ ከኋላው ሰው ሞልቶ። ነገ ደግሞ እሷ ትምህርት ቤት ናት። የእጅ ፍሬኑ አጠገብ ማን ይቀመጣል?

ማሽኑ ጸጥ አለ።

«ኖርኪታ! የት ጠፋሽ? እዚሁ ልትቀብሩኝ ነው እንዴ?» አለ የአባቷ ድምፅ። «እስቲ ለዶክተሯ የአሳማዋን ንገሪያት! ጉትቻውን እንዳትረሺ!»

«ጉትቻ?» ባለሙያው ሳቁን ለመያዝ ከወዲሁ ከንፈሩን ነከሰ።

ኖርካ አባቷም እንዲሰማ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫነች። ፊቷን ግን ወደ ዶክተሯ አዞረች።

«ምንም አሳማ አልነበረም።»

ከመስታወቱ ማዶ፣ ከዋሻው አፍ የወጡት የአባቷ እግሮች መወዛወዛቸውን አቆሙ። ኖርካ ጣቷን ከቁልፉ ላይ ሳታነሳ ቀጠለች።