ሽሮ ዝም ስትል

ሮዳስ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ወደ እጅ መታጠቢያው ዘቅዝቃ ገፋችው። ጠብታው ነጩ ሸክላ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ቧንቧውን ከፍታ አጠበችው።

ድመቷ ሽሮ በሩ ሥር ኩርምት ብላለች። ትናንት እንዳትወልድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሆዷ ተላጭቷል፤ መሃሉ ላይ ቀጭን ስፌት አለ። ጠዋት ሮዳስ የሕመም ማስታገሻውን ጉንጯ ውስጥ ስትጨምቅላት አረፋ ደፍቃ፣ እጇን ቧጭራ፣ ልብስ ማድረቂያው ጀርባ ገብታ ነበር። አሁን ግን ድምጿም አይሰማም። ካላመማት ለምን አሠቃያታለሁ፣ ብላ አሰበች ሮዳስ። የተቧጨረው እጇም ገና ያቃጥላታል።

እናቷ ባየሽ የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ሺፍቷን ጨርሳ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠየቀች።

«የከሰዓቱን ሰጠሻት?»

«አዎ።»

«ጎበዝ።» የቱና ቆርቆሮ ከፈተችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ሽሮ፣ በሁዳዴ ዓሣ ታስሸትቺኛለሽ፤ ቆይ ብቻ።»

ማንኪያውን ይዛ ሽሮ ፊት ቁጢጥ አለች። ሽሮ አፍንጫዋን እንኳ አላነቃነቀችም። የባየሽ ፈገግታ ጠፋ።

«ይቺ ልጅ አሟታል።»

«ዝም ብላለች እኮ፣ ማሚ። ሺ ኢዝ ፋይን።»

«እሱ ነዋ። እኛ ጋ መናገር የማይችሉ አሮጊቶች አሉ። የሚጮኹት አያስፈሩኝም። እንዲህ ጭብጥ ብለው ዓይናቸውን የሚያጠብቡት ናቸው የሚያስፈሩኝ። ጆሮዋን እይው፣ ወደ ጎን ተኝቷል።»

ሮዳስ አየችው። ቅዳሜን ሙሉ አብራት ውላ ልብ አላለችውም ነበር።

«መድኃኒቱ አልሠራላትም ማለት ነው» አለች ባየሽ፤ ከቦርሳዋም ታይለኖል አወጣች። አገር ቤት ለሚሄድ ሁሉ አደራ ብላ የምትልከው፣ እንግዳ «ራሴን» ሲል የምታቀርበው፣ ለራሷም ወገብ የምትውጠው እሱን ነው። ሩቡን በቢላ ቆርጣ ትደፈጥጠው ጀመር።

«ማሚ፣ አይሆንም።»

«ሩቡን እኮ ነው። ለሕፃን ይሰጥ የለ?»

«ድመት ይገድላል። ክሊኒክ ያለችው ልጅ ነግራኛለች፤ የሰው መድኃኒት ምንም እንዳትሰጧት ብላ።»

የባየሽ እጅ ቆመ። ዱቄቱን አየች፣ ልጇን አየች። ጠራርጋ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው፤ እጇንም በሳሙና ታጠበች።

«ልገድላት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ሮዳስ ነገሩ ያበቃ መሰላት። ባየሽ ግን የመኪና ቁልፏን አነሳች። «የእንስሳት ድንገተኛ ክሊኒኩ ቡርንስቪል ነው ያሉሽ? እንሂድ። መድኃኒት ወስዳ እንዲህ ከሆነች ውስጧ የተበላሸ ነገር አለ። ጠንከር ያለ ይስጧት።»

ውጭ በረዶ እየጣለ ነው። ከሚኖሩበት ኮሎምቢያ ሃይትስ እስከዚያ ድረስ ከተማውን ማቋረጥ ነው፤ ባየሽ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ውላለች። ሮዳስን ያስጨነቃት ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ሐኪሞቹ ሽሮ ያልወሰደችውን መድኃኒት ወስዳለች ብለው ሊያክሟት ነው።

«አልሰጠኋትም።»

«ምኑን?»

«የከሰዓቱን። ደፋሁት። ዝም ስትል... ደህና የሆነች መሰለኝ። መቧጨሩንም ፈርቼ ነው።»

ባየሽ አልተቆጣችም። ለሮዳስ ይህ የባሰ ነበር። ስልኩን ዘረጋችላት።

«ቀዶ ጥገና ያደረጉላት ጋ ኮል አድርጊ። እንዲሁ ብለሽ ንገሪያቸው።»

«አንቺ ንገሪያቸው፣ ፕሊስ።»

«እኔ የማውቀው የነገርሽኝን ነው።»

ሮዳስ ደወለች። መድኃኒቱን እንደደፋችው ተናገረች። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ስፌቱን እንድታይ አደረገቻት፤ ደረቅ ነው፣ አልተከፈተም። ያልወሰደችውን የከሰዓቱን አሁኑኑ ስጪያት፣ ከሚቀጥለው ጋር እንዳትደርቢ፣ ካልተሻላት ግን አምጧት አለቻት።

ባየሽ ሽሮን በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቀፈቻት። «ፊት ለፊት አትምጪባት። በጎን በኩል። ጥርሷን ተይው፣ ጉንጯን ብቻ ሳብ አድርጊ።»

ሽሮ በፎጣው ውስጥ ተንፈራገጠች። አረፋ ደፈቀች። ሮዳስ ሲሪንጁን እስከ መጨረሻው ገፋችው።

«የሚቀጥለውን እኔ እሰጣታለሁ» አለች ባየሽ። «አንቺ ተያት።»

«አይ፣ እኔ ነኝ የምሰጣት። አንቺ ፎጣውን ብቻ ትይዢልኛለሽ።»

ባየሽ ትንሽ አይታት ሽሮን መሬት አስቀመጠቻት። ሮዳስ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛች፤ እንዳታስደነግጣት ራቅ ብላ፣ ፊቷን ግን በደንብ ማየት በምትችልበት በኩል።