ደም የነካው ቁጥር አንድ

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ የበሽተኞች ፋይል ሁሉ ካለበት ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። የእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ግንባሩን ሰርጉዶ ጥርሶቹን አርግፏል፤ የመታው ሰው በአንድ ምት አልረካም። ግራ እጁ ከሰርቨሩ ነቅሎ ያወጣውን የተበላሸ የኔትወርክ ካርድ እንደጨበጠ ደርቋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ ያየችው መርማሪ አጠገቡ ተንበረከከች።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። እዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት፤ አንድ ዓይኗ በቡጢ አብጦ ተዘግቷል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ማንም ሳይጠይቃት። «ዛሬ ጠዋትም ደበደበኝ። በቃኝ!»

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን መዘዘ።

«ቆይ እስቲ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችው መርማሪዋ። በነፃ ለሚታደል ኑዛዜ ፊት የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ወደ ሰርቨሩ ኪቦርድ ጎንበስ አለች። ደም ያለበት ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ፊደል መሰረዣው፣ ቁጥር አንድና «ኢንተር» የሚባለው ማስገቢያ። ደሙ ተረጭቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቁልፍ አይመርጥም ነበር።

«ከገደልሽው በኋላ ኪቦርዱን ለምን ነካሽው?»

«የቱን ኪቦርድ? እኔ ምንም አልነካሁም» አለች ነርሷ ግራ ገብቷት።

ሽማግሌው ጥበቃ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ መርማሪዋ ጠራቻቸው።

«አባባ፣ ዛሬ ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር?»

«ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጠፋ። ሐኪሞቹ የበሽተኛ ፋይል እምቢ አለን ብለው ጮሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ።»

«ማን አመጣው?»

«እሱ ነዋ...» ካሉ በኋላ ሬሳውን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

መርማሪዋ ሁለተኛውን የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠራች። የነርሷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቢሮው ከግቢው ማዶ ነው። ነርሷ፣ ጥበቃውና ወንድምየው ሬሳው ፊት እንደ ጅብራ ተገተሩ።

«ኔትወርኩን ማን ጠገነው?»

«እኔ፣ ከቢሮዬ ሆኜ» አለ ወንድምየው ፈጠን ብሎ። «ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ነበረው፤ አንደኛው ሲወጣ የቀረው ሁለተኛው ስሙ ተለውጦ አንደኛ ይሆናል። ሰርቨሩ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ ግን አሁንም ሁለተኛውን ይፈልጋል፤ አያገኘውም። ሁለትን አጥፍቼ አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ አለቀ።»

«ከቢሮህ ሆነህ ሰርቨሩ ውስጥ በምን ገባህ?»

«በኔትወርክ ነዋ!»

«በየትኛው? በጠፋው?»

ወንድምየው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እኔ ልንገርህ» አለች። «ካርዱ ከወጣ በኋላ ሰርቨሩ ከውጭ ማንንም አይሰማም። የሚጠገነው እዚሁ፣ በዚህ ኪቦርድ ነው። የጠገነው እጅ ደግሞ ደም ነክቶታል፤ ስለዚህ ሟቹ ቀድሞ ወድቆ ነበር። አባባ ይህን ሥራ አያውቁትም። እኅትህም ኪቦርዱ መነካቱን እንኳ አላወቀችም፤ አንተን ጠርጥራ ጥፋቱን የወሰደችው ላንተ ብላ ነው።»

«እኔ ነኝ አልኳችሁ እኮ!» ብላ ጮኸች ነርሷ።

«ተይ፣ እትዬ» አለ ወንድሟ ድምፁ ተሰብሮ። «ዓይንሽን አይቼ ልጠይቀው መጣሁ። ሳቀብኝ። ‹ነገ ደግሞ ሌላኛውን ነው› አለኝ።»

መርማሪዋ ከልቧ አዘነች። «ታዲያ ገድለህ አትሮጥም ነበር? ምን አስቀመጠህ?»

«ቀዶ ጥገና ክፍል አንዲት እናት ተኝታ ነበር። የደሟ ዓይነት ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። እሷ ምን አደረገችኝ?»

ካቴናው እጁ ላይ ሲዘጋ ነርሷ ደረቱን በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር።

«አንተ ደደብ! አንዴ እንኳ ሥራህን ጥለህ ብትሄድ ምን ነበረበት!»