የአራተኛው መብራት ዳዶ

ዳዶ በሁለት መንገድ ይላላል፤ ወይ መንገዱ አንቀጥቅጦ ያላላዋል፣ ወይ ሰው በመፍቻ ይፈታዋል። መንገድ ያላላው ጠርዙ እንደነበረ ነው። ሰው የነካው ግን ማዕዘኖቹ ላይ ጭረት ይቀርበታል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ለሥራ ብዬ የተማርኩት ነገር አንድ ቀን ለልቤ ጉዳይ ምስክር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አባቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ «አባ ሽቦ» ይለዋል። መኪና ገና ከበር ስትገባ በድምፅዋ ብቻ ምኗን እንዳመማት ይናገራል ስለሚባል ከሩቅ ሁሉ ሰው ይመጣለት ነበር። ሰው ያላወቀው፣ ወይም እኛ አላወቀም ያልነው፣ የአባ ሽቦ ዓይን ከዓመት ዓመት እየደከመ መሄዱን ነው። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ቀዩን ሽቦ ከጥቁሩ መለየት አቅቶት ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። አንድ ቀን ጠዋት የጋራዡን በር ከመክፈታችን በፊት እጄን ይዞ አስማለኝ።

«ዓይን የሌለው መብራት ሠሪ ማን ያምናል? ጋራዡ ከተዘጋ ጥግ ይዤ ከመቀመጥ በቀር ምን ይቀረኛል? ለማንም እንዳትናገሪ ልጄ። ለማንም።»

ማልኩ። ከዚያ ወዲያ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። ደንበኛ አጠገባችን ሲቆም ደግሞ ዘዴ ነበረን። «ይሄ ሰማያዊ ሽቦ ደግሞ እንዴት ነው የቆሸሸው» እያልኩ አጉረመርማለሁ፤ አባቴ የትኛውን እንደያዝኩ ያውቅና «እሱን ከወፍራሙ ጋር እሰሪው» ይላል፣ ያየ መስሎ። እኔም በሰፈሩ የአጉረምራሚነት ስም ወጣልኝ። «በዚህ ምላሷ ማን ያገባታል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ምላስ የሚታሰርበት ጉዳይ እንዳለ ማን ይንገራቸው።

እሱ የመጣው በዝናብ ማግስት፣ እስከ መስታወቷ በጭቃ በተለሰነች የመስክ መኪና ነው። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ሹፌር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያፍር አንገቱን የሚያክ ሰው። አባቴ «የውኃው ልጅ» አለው፤ እኔም በልቤ ሌላ ስም አላወጣሁለትም።

«አባት፣ እኛ የምንሄድበት አገር መንገድ የሚባል ነገር የለም» አለ። «የፊት መብራቷ የሚያሳየኝ ቁጥቋጦውን ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ገደል አፍ ላይ ነው የቆምኩት። ጣራዋ ላይ አራት መብራት ስቀሉልኝ፤ ከቁጥቋጦው በላይ ልይ።»

«ጣራውን ግን አንበሳም» አለ አባቴ። «የተበሳ ጣራ ዝናብ ያስገባል። ጣራዋ ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው ላይ እናስራቸዋለን።»

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መብራቶቹን ከፖርቶመጋላው ጠርዝ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አደረግኋቸው፤ ያለዚያ ብርሃኑ የሞተሩ ክዳን ላይ ያርፍና ተመልሶ የሹፌሩን ዓይን ይወጋዋል። ሽቦውን በበሩ ጎማ ሥር ደብቄ አወረድኩት። በመጨረሻም ዳዶዎቹን አጥብቄ፣ በእያንዳንዱ ዳዶና በቡሎኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ዳዶው ትንሽ እንኳ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል።

«ለጥፍርሽ የሚሆነውን ለኔ መኪና አዋልሽው?» አለኝ መሰላሉን እንደያዘ።

«የኔ ጥፍር ግራሶ ነው የሚቀባው። መኪናህ ትዋብበት።»

ሳቀ። ሲስቅ መሰላሉ አብሮት ተንቀጠቀጠ፤ «ልትጥለኝ ነው እንዴ» ብዬ አጉረመረምኩ። እውነቱን ለመናገር ብወድቅም ግድ አልነበረኝም።

መብራት የሚስተካከለው በጨለማ ነው፣ የእኛ ጋራዥ ደግሞ የሚሠራው ቀን ቀን ብቻ። ስለዚህ አባቴ የራሱ አሠራር ነበረው። እኩለ ቀን ላይ የብረቱን በር ዘግተን፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጆንያ ደፍነን ውስጡን እናጨልመዋለን። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የኖራ መስመር አለ፤ ብርሃኑ እዚያ ላይ ማረፍ አለበት። ድሮ ዓይኑ ደህና ሳለ አባቴ ግድግዳው ሥር ቆሞ «ከፍ፣ ዝቅ» ይል ነበር።

ያን ቀን «አንተ ተቀመጥ» ልለው ስል ሹፌሩ እያየኝ ስለነበር ዝም አልኩ። አባቴ ግድግዳውን እየዳበሰ ሄዶ ቆመ። ሹፌሩም ተከትሎት አጠገቡ ቆመ። እኔ ጣራው ላይ ወጥቼ ከመብራቶቹ ኋላ ተንበረከክኩ፤ አሁን ጉዳችን ሊወጣ ነው አልኩ በልቤ። አበራሁት።

«የግራው ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ አንሺው» አለ አባቴ።

ልክ ነበር።

«አራተኛው ደግሞ ወደ ቀኝ አፈንግጧል።»

ይህም ልክ። የሹፌሩ ጀርባ ስለጋረደኝ አባቴን በደንብ አላየሁትም፤ ብርሃኑ ሲጠነክር ትንሽ ትንሽ ይታየዋል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ። አራት መብራት ፊቱ ላይ በርቶበት ሊያየኝ አይችልም። እኔ ግን ከኋላቸው ሆኜ እስኪበቃኝ አየሁት፤ ቅንድቡን፣ ከንፈሩ ጥግ ያለችውን ጠባሳ፣ ሁሉን። የት እንዳለሁ ሳያውቅ፣ እንዲሁ ወደ ብርሃኑ ፈገግ አለ። የወደድኩት ያኔ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። «አራተኛው መብራት ተጋደመ» አለ። ወጥቼ አየሁ፤ መስመሩ ተሰብሯል፣ የዳዶው ማዕዘን ላይ ደግሞ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ። በመፍቻ የሚፈታ መንገድ እስካሁን አልተሠራም። እሱ ከታች መሰላሉን ይዞ አንገቱን ያካል።

«መንገዱ ክፉ ነው» አለኝ።

«አያለሁ። መፍቻ የያዘ መንገድ ነው» ልለው ከጫፍ ደርሼ ተውኩት። ብናገርና ከዚያ ወዲያ መፍታቱን ቢተውስ? ዳዶውን በአዲስ ለውጬ አዲስ መስመር አሰመርኩ።

እንዲህ እያለ አምስት ጊዜ ተመላለሰ። ሁልጊዜ አራተኛው። እኔ ጣራ ላይ፣ እሱ መሬት ላይ ሆነን እናወራለን። ውኃ ሲወጣ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት መጠጣት ሳይሆን ፊታቸውን መታጠብ መሆኑን ነገረኝ። እኔም ስለ እናቴ ነገርኩት። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ አንዳንዴ ያስላል፤ ሳል ሲይዘው የነበረው እኛ ዝም ስንል ነው።

ለስድስተኛ ጊዜ ሲመጣ ስለ መብራቱ ምንም አላለም። እኔ ግን እንደ ልማዴ ወጣሁ። አራቱም መስመሮች ደህና ነበሩ። ሰበብ ሳይዝ ነው የመጣው። ከጣራው እስክወርድ ብዙ ቆየሁ።

«ለሦስት ዓመት ወደ ሩቅ ጣቢያ ተዛውሬያለሁ» አለኝ። «እዚያ አሥር መኪና አለ፣ ሽቦ የሚያውቅ ሰው የለም። ላንቺ ሥራ አለ። ቤት አለ። እኔም አለሁ። ሚስቴ ሆነሽ ነይ።»

አባቴ ጭንቅላቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ አይንቀሳቀሱም። እኔ ከሄድኩ ማን ቀዩን ይለይለታል? ይዘነው እንሂድ እንዳልል፣ ለምን ብሎ ይጠይቀኛል፤ ለምን የሚለውን ደግሞ ምያለሁ።

«አልችልም» አልኩ።

«የሚይዝሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። ምንም ይሁን። ላንቺ ከባድ የሆነው ለኔ ላይከብድ ይችላል።»

«የሚይዘኝ የለም። አቧራ አልወድም።»

«አቧራ ብቻ ነው?»

«አቧራ ብቻ።»

ዓይኔን አየው። ከዚያ አባቴን አየው። እንደገና ወደ እኔ ተመለሰ፤ የሚጠብቀው አንድ ቃል እንዳለ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ያ ቃል ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

«እሺ» አለ። ለአባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ። ማታ አባቴ እራት አልበላም፤ እኔም አልበላሁም፤ ሁለታችንም ምክንያቱን አልተጠያየቅንም።

በዓመቱ አባቴ ከመኪና ሥር የምንገባበት ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ዓይኑ ጨርሶ መጥፋቱ በዚያው ታወቀ። ደንበኞቻችን ሊጠይቁት መጡና «እኛማ ድሮ ነው ያወቅነው አባ ሽቦ፤ ቅር እንዳይልህ ብለን ነው» አሉት። አንድም ሰው አልቀረብንም። ያን ሁሉ ዓመት የደበቅነው ማንም ያልፈለገውን ነገር ነበር። ያን ጊዜ ለውኃው ልጅ ልጽፍለት አስቤ ነበር። አድራሻውን አላጣሁም። ግን አቧራ አልወድም ብላ የመለሰች ሴት ደብዳቤዋን በምን ትጀምራለች? ወረቀቱን ሦስት ቀን አስቀምጬ ለሂሳብ መሥሪያ አደረግኩት።

ሦስት ዓመት ሞላ። አንድ ጠዋት ባትሪ እያጠብኩ ሳለ አባቴ ከወንበሩ ላይ ቀና አለ።

«መጣች» አለ። «ያቺ መኪና ናት።»

እውነት ነበር። ከነ አራት መብራቷ በበሩ ገባች። የመኪናዋ በር ተከፍቶ ሰው ሲወርድ ሰማና አባቴ በትሩን ይዞ ተነሣ። የወረደው አጭር፣ ወፍራም፣ የማላውቀው ሰው ነው። አባቴን ልይዘው ስል ቀደመኝ።

«የውኃው ልጅ፣ መጣህ? ና ወዲህ። ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ቀን በጨለማው ጣቴን ይዘህ ብርሃኑ ያረፈበት ላይ ስታስቀምጥልኝ፣ ዓይኔ መጥፋቱን እንዳወቅህ ገብቶኛል። አላዋረድከኝም። ቀጥሎ ልጅህን ስጠኝ ብለህ ስትመጣ ግን ፈራሁ። ስለ ዓይኔ ራሷ ከነገረችህ ያንተ ናት፣ እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ ካልነገረችህ ግን እኔን መርጣለች፣ ተዋት አልኩህ። አስምያታለሁ እኮ። እንደማትናገር እያወቅኩ ነው ያልኩህ። አታለልኩህ።»

ሰውየው እኔን አየኝ። እኔ የያዝኩትን ጨርቅ ሳላውቅ እያጠመዘዝኩት ነበር፤ ውኃው ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል።

«አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ አዲሱ ሹፌር ነኝ።»

አባቴ በትሩን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። አጠገቡ መሆኔን ያውቃል፤ ወደ እኔ ግን አልዞረም።

ያ ሰው ያን ቀን የጠበቀው ቃል «አባቴ አያይም» የሚል ነበር። ሁለት ቃል ከምላሴ ብጥል ኖሮ ሦስታችንም አንድ መኪና ውስጥ ነበርን። አባቴን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ጠላሁት፤ አልዋሽም።

«የፊተኛው ሹፌርስ?» አልኩ፣ ሽቦ እየሰበሰብኩ።

«እሱ ሥራ ለቀቀ። ባለፈው ዓመት አገባና ወደ ባለቤቱ አገር ሄደ። ደህና ሰው ነበር» አለ። «የመጣሁት አራተኛው መብራት ተጋድሞብኝ ነው። መኪናዋን ሲያስረክበኝም እንዲሁ ነበር። ለምን አታጠብቀውም ስለው፣ እሱን የሚያጠብቀው ሌላ ሰው ነው አለኝ። መንካት የሌለብኝ ነገር መስሎኝ ሳልነካው ከረምኩ።»

መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ። ሦስቱ መስመሮች ደብዝዘዋል እንጂ አልተሰበሩም። አራተኛው ተሰብሯል። ዳዶውን በጣቴ ዳሰስኩት። ስድስቱም ማዕዘኑ ተበልቶ ክብ ሊሆን ደርሷል። ይህ የአንድ ቀን ጭረት አይደለም። ተፈትቶ፣ ተጠብቆ፣ እንደገና ተፈትቷል። ስንት ጊዜ ሊመጣ ተነሥቶ፣ ስንት ጊዜ ሐሳቡን ቀይሮ እንዳጠበቀው እግዜር ይወቅ። እኔ ወረቀት ፊት ሦስት ቀን ስቀመጥ እሱ መፍቻ ይዞ እዚህ ጣራ ላይ ነበር።

አዲስ ዳዶ አስገባሁ። አሮጌውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ ከታች ያለው ሰው እንዳይሰማ በአፍንጫዬ ሳይሆን በአፌ እየተነፈስኩ።

መኪናዋ ከወጣች በኋላ አባቴ ጠራኝ። በአንድ ጠዋት አሥር ዓመት ያረጀ መሰለኝ።

«የትኛው ነው የላላው?»

«አራተኛው።»

«መንገድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ወይስ ሰው?»

የሚጠይቀኝ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሰው ነው ካልኩት፣ የውኃው ልጅ እኔን ፈልጎ ደጋግሞ ተነሥቶ እንደነበር ያውቃል፤ አውቆም ጸጸቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ነገር እንኳ ሳይኖረው።

«መንገድ ነው አባዬ።»

«ዳዶውን ስጪኝ።»

መዳፉን ዘረጋልኝ። ወደ አሮጌ ዳዶዎች ቆርቆሮ ሄድኩና ጠርዙ ያልተነካ አንድ የዛገ መርጬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ስድስቱንም ጨርሶ እንደገና ጀመረ።

«መፍቻ አልነካውም» አለ።

«አልነካውም።»

«እንግዲያው ወዲያው ረስቶን ነበር ማለት ነው።»

«ወዲያው ነው የረሳን፣ አባዬ።»

ትከሻው ወረደ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔም ትቼው ወደሄድኩት ባትሪ ተመለስኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ዳዶ፣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጭኔን እየነካኝ ዋለ።