የቂርቆስ ቅባት

እማሆይ ሀብትነሽ ከመደቡ ሥር ሞተው ተገኙ። አፋቸው አረፋ ደፍቋል፤ ቆባቸው ወልቋል። ከራስጌያቸው የንብ አናቢዋ የማሚቱ የቅባት ብልቃጥ ተከፍቶ ቆሟል። ለማንኩሳ ሰው ማሚቱን ለመወንጀል ይኼ በቂ ነበር። ኢንስፔክተር ምሥራቅ ከፍኖተ ሰላም እስክትደርስ ከማሚቱ አምስት ቀፎዎች ሁለቱ ነደዋል። ማሚቱ በሯን ከውስጥ ቀርቅራለች፤ ሰዉ ድንጋይ ይዞ ደጇን ከቧል።

«እስከ ማታ ነው የምችላቸው» አለ በሯን የሚጠብቀው ፖሊስ። «ከመሸ አልችልም።»

ምሥራቅ ወደ ሟቿ ቤት ገባች። ብልቃጡን አንስታ ወደ ብርሃን ወሰደችው። ማር፣ ሰምና ለጋ ቅቤ ነው፤ በክረምቱ ብርድ ረግቷል። መሃሉ ላይ የጣት ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ቀጭን ፈሳሽ ተኝቷል። አሸተተችው፤ በቆሎ ላይ የሚረጨው የተምች መድኃኒት ነው።

ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት የእማሆይ ልጅ ስመኘው፣ ሚስቱ ትሕትናና የአምስት ወሩ ቂርቆስ ናቸው። የቂርቆስን ጉንጭና የክንዱን እጥፋት ችፌ ልጦት ነበር፤ እስኪደማ ያካል። በማሚቱ ቅባት በሦስት ሳምንት ጋብ አለለት። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ደረሰ የሚባል አለ፤ የእማሆይ የእንጀራ ልጅ፣ የሟቹ ባላቸው የበኩር ልጅ። የእማሆይን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው።

መጀመሪያ የተናገረውም እሱ ነው፤ ሳይጠየቅ።

«በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ግድም ልጁን ሊቀቡት ሲሉ በጣታቸው ጨልፈው ላሱት። ሁልጊዜም ቀምሰው ነው የሚቀቡት።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም። ማር አይደል እንዴ፣ ማን ይጠላል?»

ምሥራቅ ጻፈች። ስመኘውን ጠየቀችው፤ ጠዋት በሬ ፍለጋ ወጥቶ በአራት ሰዓት ሲመለስ እናቱን ሞተው እንዳገኛቸው ነገራት። ስለ ቀፎዎቹ ስትጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እጁ ጭስ ጭስ ይላል።

ትሕትና ልጇን ታቅፋ ቁጢጥ ብላለች።

«ጠይቂኝና ሂጂ» አለቻት።

«ጠዋት ልጁን ማን ቀባው?»

«እማሆይ። በገዛ እጃቸው፣ ከዚያው ብልቃጥ።»

ምሥራቅ ሕፃኑን ገለጥ አድርጋ አየችው። ጉንጩ ወዝቷል፤ ተኝቷል። ከዚያ እማሆይ ምን ቀመሱ ብላ ጠየቀች። ትሕትና ምንም አለች። ከኪዳን ተመልሰው ደረሰ በውሃ ፕላስቲክ ያመጣላቸውን ጠበል ብቻ ጠጡ፤ እሷ ሲያቀብላቸው አይታ ልጇን አዝላ ወንዝ ወረደች። በቤቱ ጀሪካን ያለውን ጠበል እሷም ጠጥታለች፤ ምንም አልሆነች። እማሆይ ከሰው ተጣልተው ያውቃሉ ወይ ስትባል ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰች። በቀደም እማሆይና ደረሰ ተጯጩኸው ነበር፤ በተምቹ መድኃኒት የተነሳ።

ምሥራቅ ወደ ማሚቱ ቤት ሄዳ በሩን ቆረቆረች። አልተከፈተም። በስንጥቁ ተነጋገሩ።

«አንቱን የሚጠላ ማነው?»

«ከንቦቼ በቀር ሁሉም።»

ማሚቱ ቀሪውን በቁጣ ነገረቻት። ደረሰ መድኃኒቱን የሚረጨው በቀን፣ ንቡ በቆሎው ላይ ሲውል ነው። አመሻሽ ላይ ርጭ ብላ ለመነችው፤ ሳቀባት። ለእማሆይ ነገረች። እማሆይም፣ የልጅ ልጃቸው ገላ የዳነው በዚያ ማር ነውና፣ ሰኞ ቀበሌ ሄደው መሬቱን ከደረሰ ነጥቀው ለስመኘው ሊሰጡ ቆርጠው ነበር።

ስትመለስ ምሥራቅ ከደረሰ ጓዳ ጀርባ አጥሩን ተከትላ ሄደች። አንድ የውሃ ፕላስቲክ አጥሩ እንጨት ላይ ተደፍቷል። አሸተተችው። ሳሙና።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከማሚቱ ደጅ ያለውንም ሰው አስጠራች። ድንጋዩን እንደያዘ መጣ።

«ቀኑ ስንት ነው?» አለች።

«ነሐሴ ዘጠኝ» አለ አንዱ።

«ፍልሰታ። እማሆይ መነኩሴ ናቸው። ደረሰ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቅቤ ሲልሱ አየሁ ይላል። ከእናንተ ይኼን የሚያምን አለ?»

ሰዉ ተያየ። ደረሰ «ቅቤ እንዳለበት በምን አውቃለሁ?» አለ።

«ማርም ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምሱም። ሁለተኛ፣ ልጁ ጠዋት ከዚሁ ብልቃጥ ተቀብቷል፤ ደህና ነው። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ያለው እማሆይ በጣታቸው በጨለፉት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከጨለፉ በኋላ ነው የተጨመረው። ማሚቱ ደግሞ ዛሬ እዚህ አልረገጠችም። ታዲያ ጾመኛ ምን ብታቀርብለት ይጠጣል?»

«ጠበል» አለች ትሕትና፤ ወደ ደረሰ ዞረች።

«ቢሸትም ቢመርም ጠበል አይተፋም። በእምነት ነው የሚጠጣው፣ በአንድ ትንፋሽ። ይኼን ያወቀ ነው የገደላቸው።» ፕላስቲክ አወጣች፤ በውሃ ተሞልቷል። «ይኼ ከደረሰ አጥር ላይ ነበር። ከጀሪካኑ ጠበል ሞላሁበት። ነፍስ ይማር ብለን እንቅመስ። ደረሰ፣ ታላቅ ነህና ጀምር።»

ደረሰ እጁን አልዘረጋም።

«ሆዴን አሞኛል።»

«ጠበልማ ሆዱን ላመመው ነው።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ምሥራቅ አንስታ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

«ይኼ የእኔ ነው» አለችው። «የአንተውን አሽጌ ወደ ፍኖተ ሰላም ልኬዋለሁ። በሳሙና አጥበኸዋል። የጠበል ዕቃ በሳሙና የሚያጥብ አይቼ አላውቅም። መሬቱንም ላታጣ፣ ማሚቱንም ልታስወግድ ነበር።»

«ሃያ ዓመት አርሼ» አለ ደረሰ፣ «መሬቴን ለማሚቱ ዝንብ ብላ ልትነጥቀኝ!»

ፖሊሱ እጁን ያዘው። ካቴናው ሲገባለት ከሰዉ እጅ አንድ ድንጋይ ወደቀ፤ ከዚያ ሌላው።

«ቀፎ ያነደደ ነገ ጣቢያ ይምጣ» አለች ምሥራቅ። «ካልመጣ እኔ እመጣለሁ።» ስመኘውን እያየች ነበር።

ብልቃጡ በማስረጃነት ተወሰደ። ሲመሻሽ ቂርቆስ ጉንጩን መቧጨር ጀመረ። ትሕትና አዝላው ወደ ማሚቱ በር ሄደች።

«እትየ ማሚቱ።»

«ማነሽ?»

«ትሕትና ነኝ። ልጁ እያከከ ነው።»

«ቀፎዬን ያነደደው ባልሽ ነው።»

«እሱ ነው።»

ሕፃኑ አለቀሰ። መቀርቀሪያው ተሳበ፤ በሩ በክንድ ያህል ተከፈተና ሁለት እጅ ወጣ።

«ልጁን አቀብይኝ» አለች ማሚቱ። «አንቺ እዚያው ቁሚ።»