ከሰማያዊው ቀለም በታች

የዘካሪያስ ሬሳ ከዓሣ ማርቢያው መረብ ጋር ተጣብቆ ሲገኝ፣ የጫሞ ሐይቅ አዞዎች ራቅ ብለው ጀርባቸውን ፀሐይ ያሞቁ ነበር። አንዱም አልነካውም። ኢንስፔክተር መቅደስ ጎንበስ ብላ አየችው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ ቀለም ተሰግስጓል።

ሟቹ ሰማያዊ በተቀቡ በርሜሎች ላይ የቆመችው ተንሳፋፊ መንደር ዓሣ ጠባቂ ነበር። ተማሪዎች የዓሣ እርባታ የሚማሩት እዚህችው መንደር ላይ ነው።

ገዳዩም ተገኝቷል ተብሏል። አሥጋሪው ሽማግሌ ባፈና እጁን በመረብ ገመድ ታስሮ ተቀምጧል። መንደሯ መረብ መጣያውን ስለወሰደችበት ከዘካሪያስ ጋር ሲጣላ ያላየ የለም፤ ሬሳውን ያገኘውም እርሱ ነው። የሟች ሚስት ሻሺቱና ወንድሞቿ በጀልባ ዙሪያውን ከበውታል። ዛሬ ነጻ ካልወጣ ሽማግሌው በሕይወት ዳር አይደርስም። መቅደስ ፈራች።

«ጋሽ ባፈና፣ መቼ ነው የመጡት?»

«ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ልጄ። ጠልቼዋለሁ እንጂ አልገደልኩትም።»

ሥራ አስኪያጁ ወንደሰን ከከተማው፣ ከሴቻ፣ የሚመጣው እንግዳ ሲኖር ብቻ ነበር፤ ትናንት ግን ከሟቹ ጋር ብቻቸውን እዚሁ አድረዋል።

«ጎህ ሲቀድ ደኅና ትቼው ነው የሄድኩት» አለ። «መኖ እየበተነ ነበር። ሽማግሌው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«በሁሉም መረብ በተነ?»

«በሁሉም! በዓይኔ አይቻለሁ።»

መቅደስ፣ የተማሪዎቹ መምህርት ምኞት ከየመረቡ አንዳንድ ዓሣ አውጥታ ሆዳቸውን እንድትከፍት አዘዘች። ከዚያ ሁሉም እንዲሰበሰቡ፣ ጀልባዎቹም እንዲጠጉ ጠራች።

«ምን አገኘሽ፣ ምኞት?»

«ምንም። ሁሉም ባዶ ነው።» መምህርቷ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ነገ በሕይወታቸው ምዕራብ ዓባያ ወዳለ ኩሬ ሊጓዙ ነበር። ከጉዞ በፊት ዓሣ አይመገብም፤ ከበላ በማጓጓዣው ውኃ ውስጥ በራሱ እድፍ ይታፈናል። ዘካሪያስ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ መኖ ከልክሏቸዋል። ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኝ ነበር።»

«ዓሣ መብላት በብልሃት ነው ይባላል፣ አቶ ወንደሰን» አለች መቅደስ። «መዋሸትም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት መኖ ይበትናል ብለው ገመቱ። ዛሬ ግን ሊበትን አልነበረም፤ ጎህ ሲቀድማ ሞቷል። እርስዎም የአብዬን ወደ እምዬ አሉና ሽማግሌውን አሳሰሩ።»

«ለምን እገድለዋለሁ? ምን አድርጎኝ?»

መቅደስ ወደ ማደሪያው ጥግ ሄደች። ወለሉን ከተሸከሙት በርሜሎች የአንዱ ቀለም ተፍቋል። በቢላዋ ጥቂት ስትጨምርበት ከሰማያዊው ቀለም በታች የራስ ቅል ምልክት ወጣ። የሙዝ ተባይ ማጥፊያ መርዝ የነበረበት በርሜል ነው። ተማሪዎቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አዲስ በርሜል ነው ብለው ያስረከቡት ይህን ነው። ዘካሪያስ በጥፍሩ ፍቆ ደረሰበት። ዓሣዎቹን ውኃው ውስጥ ከሚሰርገው መርዝ ሊያሸሽ፣ እርስዎን ሊያጋልጥ ተነሳ።»

ወንደሰን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ለምኜው ነበር» አለ። «ዝም በል ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። ዓሣውን ልጆቹ ይበሉታል አለኝ። ሌላ ነገር አልሰማ አለ። ጀርባውን ሲሰጠኝ መቅዘፊያውን አነሳሁ።»

ሻሺቱ ከጀልባዋ ወጥታ የባፈናን ገመድ ፈታች። ጎንበስ ብላም ጉልበቱን ሳመች።

ጀልባዎቹ ግን አልተበተኑም። ወንድሞቿ አሁን የሚያዩት ወንደሰንን ነው። አንዱ ጦር ይዟል። መቅደስ አንድ ሽጉጥና ሁለት ፖሊስ ብቻ እንዳላት ሁሉም ያውቃል።

ባፈና የቆሰለ እጁን እያሻሸ ወደ ራሱ ጀልባ ወረደ። መቅዘፊያውን አነሳና ወንደሰንን ቀና ብሎ አየው።

«ና ግባ» አለው። «አጠገቤ ተቀመጥ። እኔ እያለሁ ደፍረው አይወጉህም፤ ያለ ጥፋቴ ስላሰሩኝ ያፍሩኛል።»

ወንደሰን ገባ፤ መቅደስም ተከተለችው። ሽማግሌው ከጦሩ ሥር፣ በሻሺቱ ወንድሞች ጀልባዎች መካከል አልፎ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ቀዘፈ።